ቀለም የሌለው ቀይ

አያቴ ጡረታ ሲወጡ ከመሥሪያ ቤታቸው ይዘውት የመጡት ሀብት ሁለት ጥራዝ ቴምብር ነበር። ክረምት ላይ ዝናቡ ከቤት ሲያውለን ጥራዞቹን ከቁም ሣጥኑ አናት ያወርዱና፣ እጃችንን አስታጥበው፣ በቀን አንድ ገጽ ብቻ እንድንገልጥ ይፈቅዱልን ነበር። ከነዚያ ገጾች በአንዱ ላይ ከአውሮፓ የመጣ ቡናማ ቴምብር አለ። መሐሉ ላይ የትንሽ ጣት ጥፍር የምታህል ጋሻ ተቀርጻለች፤ ግማሿ ከላይ ወደ ታች በወረዱ፣ ግማሿ በተጋደሙ፣ ከጸጉር በቀጠኑ መስመሮች ተሞልታለች። “ይህን ሁሉ መስመር ለምን አሰመሩበት?” ብዬ ብጠይቃቸው፣ አያቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ጥቂት አዩትና “ባዶ እንዳይሆን ነው፤ ባዶ ቦታ ያስጠላል” አሉኝ።

አያቴ ተሳስተው አያውቁምና ሠላሳ ዓመት ያህል አመንኳቸው። መስመሮቹ ግን መሙያ አልነበሩም። የቆሙት ቀይ፣ የተጋደሙት ሰማያዊ ማለት ናቸው። በአንድ ቀለም ብቻ በታተመች ቁራጭ ወረቀት ላይ ሁለት ሌሎች ቀለሞች ተጽፈው ኖረዋል፤ እኔ ማንበብ ስላልቻልኩ ጌጥ አድርጌያቸው አልፌአለሁ። ይህን ካወቅኩ ወዲህ በመዳብ ላይ የተቀረጹ የአውሮፓ የጋሻ ዓርማዎችን ሳሳድድ ኖሬአለሁ። ምን እንደሚጠቅመኝ ባለቤቴ ጠይቃኝ ጥሩ መልስ አላገኘሁላትም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጋሻ ዓርማ ከ12ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በምዕራብ አውሮፓ መሳፍንትና ፈረሰኞች ዘንድ የተስፋፋ መለያ ነው። ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል፤ በጋሻ፣ በሰንደቅ፣ በማኅተም፣ በመቃብር ድንጋይ ላይ ይውላል። እኔን የገረመኝ ግን ሕጉ ሥዕል አለመሆኑ ነው። ዓርማው የሚደነገገው በቃል ነው፦ “በወርቅ መደብ ላይ በኋላ እግሮቹ የቆመ ቀይ አንበሳ።” በቃ። አንበሳው ስንት ጎፈር እንዳለው፣ ጅራቱ ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ፣ ከስቶ ይሁን ወፍሮ ቃሉ አይናገርም። ወርቅና ብር ማዕድን ይባላሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ ቀለም። ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይቀመጥም፤ ከሩቅ እንዲለይ ነው። ቀኝና ግራው እንኳ የሚቆጠረው ጋሻውን ከሚያየው ሰው ሳይሆን ከተሸከመው ሰው ወገን ነው። ቀለሙና ቦታው እንዲህ በጥብቅ ታስሮ፣ ቅርጹ ግን ለሠሪው ተለቅቋል። መቶ ቀራጮች ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሰምተው መቶ አንበሳ ቢሠሩ መቶዎቹም ትክክል ናቸው።

በ15ኛው መቶ ዘመን መዳብ ቀርጾ በወረቀት ማተም ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ሕጉ ጥብቅ የሆነበት ቀለም ጠፋ፤ ሕጉ ዝም ያለበት ቅርጽ ብቻውን ቀረ። ቀራጩ ያለው ጥቁር መስመርና ነጭ ወረቀት ነው። ታዲያ ምን አደረገ?

መጀመሪያ ላይ ስለ ቀለሙ ግድ ያለው አይመስልም። የኮልማር ከተማው መዳብ ቀራጭ ማርቲን ሾንጋወር፣ የአንጥረኛ ልጅ፣ በ1480ዎቹ አካባቢ ዐሥር ክብ የጋሻ ቅርጾች ሠርቷል። እያንዳንዱ ወደ ስምንት ሴንቲሜትር ስፋት አለው፤ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ቢሸፍናቸው ነው። በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ አንድ ጋሻና ጋሻውን የሚይዝ ፍጡር አለ፤ መልአክ፣ ገበሬ፣ ሰውነቱ ሁሉ ጸጉር የለበሰ የዱር ሰው። አንዷ ጸጉራም የዱር ሴት የአንበሳ ራስ ያለበትን ጋሻ ይዛ ልጇን ታጠባለች። ዓርማ የኩራት ዕቃ ነው፤ እዚህ ግን ጡት ከማጥባት ጋር አብሮ የሚያዝ የቤት ዕቃ ሆኗል። የሾንጋወር መስመሮች ጠማማና አጫጭር ናቸው፤ የጉልበቱን ክብነት፣ የጀርባውን ጉብጠት ተከትለው ይታጠፋሉ። መስመሩ የሚነግርህ የሥጋውን ቅርጽ እንጂ የጋሻውን ቀለም አይደለም። ጋሻው ቀይ ነው ሰማያዊ? ሾንጋወር መልስ የለውም፤ እንደማየው ጥያቄውም አላስጨነቀውም።

በኋላ ዝነኛ ጀርመናዊ ሠዓሊና ቀራጭ የሆነው ወጣቱ አልብሬሽት ዱረር ከዚህ ሰው ሊማር በ1492 ኮልማር ድረስ ሄዶ ነበር። ሾንጋወር ከአንድ ዓመት በፊት ሞቶ ቆየው። ዱረርም የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ብረት መያዝ የተማረው በአባቱ ወርቅ ቤት ነው። አባቱ ከሃንጋሪ የመጣ፣ የትውልድ መንደሩ ስም ከ“በር” ጋር የሚዛመድ ሰው ነበርና፣ ዱረር በኋላ ለቤተሰቡ ዓርማ የመረጠው የተከፈተ በር ነው። ስምን በሥዕል መፍታት የዓርማ ሰዎች የሚወዱት ጨዋታ ነው፤ ቅኔ ያደገበት ሰው ሰምና ወርቁን ወዲያው ያገኘዋል።

ዱረር በ1503 የቀረጸውን የራስ ቅል ያለበትን ዓርማ በዓይኔ ያየሁት ጀርመን ለምትኖረው እህቴ ጥየቃ ሄጄ ነው። በአንድ ሙዚየም የሕትመት ክፍል ቀጠሮ ይዤ፣ እርሳስ ብቻ ይዤ እንድገባ ተነግሮኝ፣ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጥኩ። ሠራተኛዋ ወረቀቱን ከነማቀፊያው አምጥታ አስቀመጠችልኝና ሄደች። በመጀመሪያ የተሰማኝ ቅሬታ ነው። ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 22 ሴንቲሜትር ያህል፣ ከደብተር ገጽ አይበልጥም። በመጽሐፍና በኮምፒውተር ሳየው የግድግዳ ያህል መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አጎነበስኩ፤ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቀና ያልኩ አይመስለኝም።

ከታች ያዘመመ ጋሻ አለ፤ በጋሻው ላይ አንበሳ ወይም ንስር ሊኖር በሚገባው ቦታ የሰው ራስ ቅል። ከጋሻው በላይ ከባድ የራስ ቁር፤ ከራስ ቁሩ ላይ ሁለት ግዙፍ ክንፎች ተዘርግተዋል። ከኋላ የሙሽራ አክሊል የደፋች፣ የኑረንበርግ የክብር ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማለች፤ አንድ ጸጉራም የዱር ሰው ከጀርባዋ መጥቶ ፊቱን ወደ አንገቷ አስጠግቷል። ልጅቷ አትሸሽም። ፈገግ ያለችም ይመስላል። ከታች ባለው ድንጋይ ላይ 1503 ተቀርጿል።

ይህ የማንም ቤተሰብ ዓርማ አይደለም። የሞት ዓርማ ነው። ብዙ ሰው የሚጽፈውም ስለዚህ ትርጉም ነው፦ ሠርግና ሞት፣ ውበትና ብስባሽ። እኔ ግን ትርጉሙን ቶሎ ጠግቤ ወደ መስመሩ ነው የተመለስኩት፤ ምስጢሩ እዚያ ያለ ይመስለኛል። በዚያች ገጽ ውስጥ ብረት፣ ላባ፣ አጥንት፣ ሐርና ጸጉር አሉ፤ ሁሉም የተሠሩት በአንዲት ሹል ብረት፣ በአንድ ጥቁር ቀለም ነው። የራስ ቁሩ ላይ መስመሮቹ ረዣዥምና እኩል የተራራቁ ሆነው ጉብታውን ይዞሩታል፤ ብርሃኑ የሚያርፍበት ቦታ ሲደርሱ ድንገት ይቆማሉና ባዶው ወረቀት እንደ ተወለወለ ብረት ያበራል። ክንፉ ላይ እያንዳንዱ ጭረት ከላባው አከርካሪ ተነሥቶ ወደ ጠርዙ ይቀጥናል። የራስ ቅሉ ላይ ደግሞ መስመሩ ያጥራል፣ ይሰባበራል፣ ወደ ብርሃኑ ሲቀርብ ነጠብጣብ ይሆናል፤ አጥንት ደረቅ እንደሆነ ጣትህ ያውቀዋል። አያቴ ይጠሉት የነበረው ባዶ ቦታ እዚህ ላይ ከሁሉ የከበረው ነገር ሆኖ አገኘሁት።

የዓርማ ሥዕል በጠባዩ ጠፍጣፋ ነው፤ ከሩቅ የሚታይ ምልክት ነውና ክብደት አያስፈልገውም። ዱረር ግን ክብደት ሰጠው። ያንን የራስ ቁር ብታነሣው ክንድህን እንደሚያዝለው ታያለህ። የራስ ቅሉም በጋሻው ላይ የተቀባ ሳይሆን ከጋሻው ወጥቶ ሊንከባለል የተሰናዳ ነው። ሕጉ ዝም ያለበትን ቦታ ሁሉ ይህ ሰው በመስመር ሞላው።

በዚያ ጊዜ ዓርማን እንዲህ ላልተፈጠረበት ዓላማ ያዋለው ዱረር ብቻ አልነበረም። ስሙ የማይታወቅ አንድ ጀርመናዊ አለ፤ አብዛኞቹ ሕትመቶቹ አምስተርዳም ስለሚገኙ በዚያው የሚጠራ። እሱ ደግሞ በጋሻው ላይ በራሱ የቆመ ገበሬ አስቀምጦ፣ በራስ ቁሩ አናት ላይ በባልዋ ጀርባ የምትጋልብ ሴት ሰካበት። እያሾፈ ነው። የእሱ መስመር በመዳብ ላይ የተጫረ እንጂ የተቦረቦረ አይደለምና፣ የጭረቱ ዳር ላይ የቀረው የመዳብ ፍንጣቂ ቀለም ይዞ ለስላሳ፣ እንደ ከፋይ የደበዘዘ ጥላ ይሰጣል። ቀልዱን ከዱረር ይልቅ የወደድኩት በዚህ ሳይሆን አይቀርም፤ ባለጌ ነገር በለሰለሰ ድምፅ ሲነገር ይጣፍጣል። ከእነሱ በኋላ የመጣው ዜባልድ ቤሃም፣ በ1525 ከወንድሙ ጋር ከኑረንበርግ የተባረረው፣ በ1543 አውራ ዶሮ ያለበትን ጋሻ ቀርጿል። እጅ መዳፍ ውስጥ የምትደበቅ ነገር ናት። አጉሊ መነጽር ሳይዙ መቅረብ ድካም ነው።

ከሙዚየሙ ከወጣሁ በኋላ እንቅልፍ ስለነሣኝ፣ በዚያው ከተማ የሁለት ቀን የመዳብ ቅርጽ ትምህርት ተመዘገብኩ። አስተማሪዋ ነጭ ጸጉር ያላቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። መዳቡን አሸዋ በተሞላ የቆዳ ትራስ ላይ አስቀመጡልኝ። መቅረጫው አጭር የብረት ዘንግ ነው፤ ጫፉ በሰያፍ የተሳለ፣ እጀታው መዳፍ ውስጥ የሚያርፍ ክብ እንጨት። እርሳስ እንደምይዝ ይዤ ልስብ ስል እጄን ያዙኝ። መቅረጫ አይሳብም፤ ይገፋል። ለጠማማ መስመርም እጅ አይጠመዘዝም። “እጅህ ይቁም፣ መዳቡ ይዙር” አሉኝ። ቀኝ እጅ ቀስ እያለ ሲገፋ፣ ግራ እጅ ሰሌዳውን በትራሱ ላይ ያዞረዋል፤ ጥምዝምዙ ከሁለቱ መገናኛ ይወለዳል። ጠንክረህ ስትገፋ መስመሩ ይወፍራል፣ ስታላላ ይቀጥናል።

ያን ጊዜ ነው ከራስ ቁሩ የሚወርደው፣ እንደ ቅጠል እየተቀደደና እየተጠቀለለ ጋሻውን የሚከብበው ጨርቅ በነዚህ ሥራዎች ሁሉ ለምን እንደሚንዠረገግ የገባኝ። ከቃሉ አንጻር ያ ጨርቅ ምንም አይደለም፤ ቀለሙ እንጂ ቅርጹ አይደነገግም። ለመዳብ ቀራጭ ግን የሰሌዳው መዞር ራሱ የሚፈጥረው፣ እጅ ወዶ የሚሄድበት ጥምዝምዝ ነው። እኔም እንኳ፣ በመጀመሪያ ቀኔ፣ ሌላው ሁሉ ሲበላሽብኝ ጨርቁ ተሳክቶልኛል።

አንበሳው ግን አልተሳካም። በኋላ እግሮቹ የቆመ፣ ወደ ግራዬ የሚያይ አንበሳ ቀረጽኩ፤ በመዳቡ ላይ ሳየው የዘነበበት ውሻ ይመስል ነበር፣ ግን ኮርቻለሁ። የተነሣውን ፍንጣቂ ጠረግን፣ ቀለም ቀባን፣ በሻሽ ከዚያም በመዳፍ ጠርገን ቀለሙ በጭረቶቹ ውስጥ ብቻ እንዲቀር አደረግን፣ እርጥብ ወረቀት አልብሰን በሁለት ከባድ ዘንጎች መሐል አሳለፍነው። ወረቀቱን ስገልጠው አንበሳዬ ዞሯል። ሕትመት ይገለብጣል፤ ይህን የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቅ ነበር፤ ግን አንዴም አላሰብኩትም። አስተማሪዋ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዘው ሳቁ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ። በጋሻ ላይ ያለ አውሬ ፊቱን ወደ ጋሻው ባለቤት ቀኝ ማዞር አለበት፤ ወደ ሌላው ያየ እንደሆነ ጠላቱን ጥሎ የሚሸሽ ይመስላል። የእኔ አንበሳ ፈሪ ሆኖ ተወለደ።

ወደ አያቴ ቴምብር ልመለስ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ዓርማ የሚታተመው ለውበት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የመኳንንት መዝገቦች፣ ካርታዎች፣ የቀብር ሥርዓት መጻሕፍት በብዛት ይወጣሉ፤ የመጽሐፉ ገዢ የሚፈልገው የማን ጋሻ ምን ቀለም እንደሆነ ማወቅ ነው። ዮሃን ዚብማኸር በ1605 ኑረንበርግ ውስጥ ከሦስት ሺህ የሚበልጡ ዓርማዎች ሲያሳትም በየመደቡ ላይ የቀለሞቹን ስም መነሻ ፊደል ጻፈ። ይሠራል፣ ግን ያስጠላል፤ አንበሳው ሆድ ላይ ፊደል ተለጥፎበት እንደ ገበያ በግ ይቆማል። በዚያው ዘመን፣ ዛሬ ቤልጂየምና ኔዘርላንድ በተካፈሉት በብራባንት ምድር ሌላ ሙከራ ነበር። ዛንግሪዩስ የተባለ የሌቨን ሰው በ1600 ባሳተመው የብራባንት ዓርማዎች ሰሌዳ ላይ ቀለሞችን በመስመር አቅጣጫ ለያቸው። ሌሎችም ተከተሉት፤ ግን አንዱ ለቀይ ያደረገውን ሌላው ለሌላ ቀለም ያደርገው ነበርና ባቢሎን ሆነ።

ያጸናው ኢየሱሳውያን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነ አንድ ካህን ነው፤ ሲልቬስተር ፔትራ ሳንክታ። በ1638 ሮም ውስጥ ባሳተመው መጽሐፍ ሥርዓቱን ደነገገ፤ እስከ ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው። ወርቅ ነጠብጣብ ይሆናል፣ ብር ባዶ ይተዋል። ቀይ ይቆማል፣ ሰማያዊ ይጋደማል፣ ጥቁር በቆሙና በተጋደሙ መስመሮች ይጣመዳል፤ አረንጓዴና ሐምራዊ በተቃራኒ አቅጣጫ ይዘምማሉ። ቩልሶን የተባለ ፈረንሳዊ በኋላ “ከእኔ ነው የወሰደው” ብሎ ጮኸ፤ ስሙ የቀረው ግን የፔትራ ሳንክታ ነው።

ብልሃቱን አደንቃለሁ። የማደንቅበትም የግል ምክንያት አለኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሕንፃ ንድፍ ስሠራ እንጀራዬ ይኸው ነው። በቁርጥ ንድፍ ላይ የጡብ ግድግዳ በዘመሙ መስመሮች፣ ኮንክሪት በነጠብጣብና በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ይሞላል፤ መሐንዲሱም ሳይጠይቅ ያነብባል። መስመሬን ውብ ነው ብሎ ያመሰገነኝ ሰው የለም፤ ቢያመሰግነኝም ስህተት ሠርቼ ይሆናል ብዬ እደነግጣለሁ። ስለዚህ የዚያ ካህን ወገን ነኝ።

ሆኖም ዱረርን ካየሁ በኋላ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ቀይ አንበሳ ልትቀርጽ ነው እንበል። በአዲሱ ሥርዓት ሰውነቱ ሁሉ በቆሙ መስመሮች ይሞላል። ጥሩ። አሁን ጎድኑ ሥር ጥላ እንዲኖር ፈለግህ። ዱረር ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ጭረቶች ላይ ሌሎች ጭረቶችን አሻግሮ ያጠቁረው ነበር። አንተ ግን በቆሙት ላይ አግድም መስመር ብታሻግር፣ አንበሳህ ጥላ አላገኘም፤ ጎድኑ ጥቁር ሆነ። ጎድኑ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ በየትኛውም መዝገብ የሌለ አውሬ ፈጠርክ። መስመሮቹን እንደ ሾንጋወር በጡንቻው ላይ ብታጎብጣቸው ደግሞ የቆመው ይዘምማል፤ ቀዩ ወደ አረንጓዴ ያደላል። መስመር ወይ ቅርጽ ይናገራል ወይ ቀለም ይናገራል፤ ሁለቱን ባንድ አፍ መናገር ከበደው። ከ1638 በኋላ የታተሙ ብዙ የዓርማ መጻሕፍትን ስገልጥ አንበሶቹ በመጥረቢያ ተጠርበው በማስመሪያ የተሰመረባቸው የሚመስሉኝ ለዚህ ነው። ቀለማቸውን ግን በጨለማ እንኳ ትነግረኛለህ።

የእኛም ነገሥታት ሳያውቁት እዚህ ጨዋታ ውስጥ ገብተዋል። የአውሮፓ የዓርማ ሰዎች ጋሻ የሌለው ንጉሥ መኖሩን ማመን አይፈልጉም፤ ለአዳም እንኳ ዓርማ አውጥተውለታል። ካርታ ሠሪው ኦርቴሊየስ በ1573 ባሳተመው የ“ቄሱ ዮሐንስ” (አውሮፓውያን የኛን ንጉሥ እንዲህ ይጠሩት ነበር) ግዛት ካርታ ላይም፣ የንጉሡን የትውልድ ሐረግ ከዳዊት ከሚያያዘው ጽሑፍ ጋር፣ የተቀረጸ ጋሻ አለ። ቀራጩ ሊቀርጽለት የተቀመጠው ሰው ጋሻ ከቆዳ የሚሠራ፣ ለጦር እንጂ ለስም የማይያዝ መሆኑን ማን ይንገረው?

ባለፈው ወር እናቴ ቤት ሄጄ ጥራዞቹን አወረድኳቸው። አያቴ ካረፉ ዓሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እጄን ታጥቤ፣ ባለ ዐሥር እጥፍ አጉሊ መነጽር ይዤ፣ ቡናማዋን ቴምብር ፈልጌ አገኘኋት። ቀይና ሰማያዊ፤ አነበብኳት። ልዘጋው ስል ግን የቆሙት መስመሮች እኩል አለመሆናቸውን አየሁ። ከጋሻዋ መሐል ወደ ቀኝ ጠርዝ ሲሄዱ፣ በጣም በጥቂቱ፣ ይወፍራሉ። አቅጣጫቸው አልተነካም፤ ቀይ ናቸው። ነገር ግን ጋሻዋ በዚያ በኩል ወደ ኋላ ታጥፋለች፣ ጠርዟም ጥላ ይዟል። ስሙን የማላውቀው ያ ቀራጭ፣ የጥፍር ያህል ስፋት ባላት ቦታ ላይ፣ እጁን ጠንከር አድርጎ ገፍቷል።

እናቴ ቡና ይዛ ገባችና ምን እንደማይ ጠየቀችኝ። መነጽሩን ሰጠኋት። ብዙ ቆየችበት፤ ከዚያ “ይሄ መስመር ለምንድን ነው?” አለችኝ።